ሃያ አምስት ቃል ብቻ፦ የገርንዚው የደብዳቤ ልብወለድ ከእውነተኛው ወረራ ጋር ሲመዘን

የማታ አንባቢ

«የገርንዚ የሥነ ጽሑፍና የድንች ልጣጭ ፓይ ማኅበር»ን ያነበባችሁ ወደዚህ ኑ። ላላነበባችሁ፦ በ2008 የወጣ ልብወለድ ነው። ገርንዚ በፈረንሳይ ጠረፍ አጠገብ ያለች፣ ለእንግሊዝ ዘውድ የምትገዛ ደሴት ናት፤ ፓይ ደግሞ ቅርፊት ኖሮት ውስጡ ተሞልቶ የሚጋገር ምግብ ነው። ሜሪ አን ሼፈር ጽፋው፣ ጤናዋ ሲከዳት የእህቷ ልጅ አኒ ባሮውስ አጠናቀቀችው፤ ሼፈር መጽሐፉ ታትሞ ሳታየው አረፈች። ከዳር እስከ ዳር ደብዳቤ ነው፤ ተራኪ የለውም። ጁልየት አሽተን የምትባል የለንደን ደራሲ በ1946 መጀመሪያ ላይ ከማታውቀው የገርንዚ ገበሬ ከዶውሲ አዳምስ ደብዳቤ ይደርሳታል። ቀድሞ የእሷ የነበረ የቻርልስ ላም መጽሐፍ እጁ ገብቶ፣ ስሟንና አድራሻዋን እዚያ ላይ አግኝቶ ነው የጻፈላት። ከዚያ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት፣ በጀርመን ወረራ ጊዜ፣ በአንድ የመጽሐፍ ውይይት ማኅበር ያነብቡ የነበሩ ጎረቤቶቹ አንድ በአንድ ይጽፉላታል።

አንባቢው ለሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ልብ ያሞቃል» ይላል፤ ግማሹ «ጦርነቱን ማር ቀብቶታል» ይላል። ሦስት ጥያቄ አለኝ። ደብዳቤዎቹ ለምን በጦርነቱ መሐል ሳይሆን በ1946 ይጀምራሉ? ስለ ረሃቡና ስለ ወረራው የተጻፈው ምን ያህሉ ትክክል ነው? ሁለተኛው ክፍል ለምን ይቀዘቅዛል?

መጨረሻውን መግለጥ ይፈቀዳል፤ ያላነበባችሁ እዚህ ላይ ተመለሱ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቴምብር ሰብሳቢ

የመጀመሪያውን ለእኔ ተዉት። በ1946 የሚጀምሩት ከዚያ በፊት ሊጻፉ ስለማይችሉ ነው። ጀርመኖች ጁን 30 ቀን 1940 ገርንዚ ሲገቡ ከእንግሊዝ ጋር የነበረው ፖስታ ተቋረጠ። በኋላ የተከፈተው ብቸኛ በር የቀይ መስቀል መልእክት ነበር፦ አንድ ቅጽ፣ ቢበዛ 25 ቃል፣ የቤተሰብ ወሬ ብቻ። ቅጹ በጀርመን ሳንሱር አልፎ ጄኔቫ ይሄዳል፤ ከጄኔቫ በእንግሊዝ ሳንሱር አልፎ ባለቤቱ እጅ ይገባል። መልሱ እዚያው ቅጽ ጀርባ ላይ ይጻፋል፣ እሱም በ25 ቃል፣ በዚያው መንገድ ይመለሳል። ጥያቄና መልስ ወራት ይፈጃል። የእንግሊዝ፣ የአሜሪካና የአጋሮቻቸው ጦር በጁን 1944 ፈረንሳይ ውስጥ ኖርማንዲ ላይ ካረፈ በኋላ ይህም ተዘጋ።

ይህን ይዛችሁ የማኅበሩ አባል ኢበን ስለ ልጅ ልጁ ስለ ኢላይ የሚጽፈውን እንደገና አንብቡ። በጁን 1940፣ ጀርመኖች ከመግባታቸው በፊት በነበሩት ጥቂት ቀናት፣ ወደ 17,000 የሚጠጋ ሰው ከገርንዚ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ወጥቷል፤ ብዙዎቹ ከአስተማሪዎቻቸው ጋር የተጫኑ ተማሪዎች ነበሩ። ወላጅ ለመወሰን የተሰጠው ጊዜ ከአንድ ቀን ብዙም አይበልጥም። አምስት ዓመት ሙሉ ስለ ልጁ የሚያውቀው በእነዚያ ቅጾች ላይ የሰፈረችውን ያህል ነበር።

ደሴቱ ውስጥ ግን የአገር ውስጥ ፖስታ ይሠራ ነበር። የአንድ ፔኒ ቴምብር ሲያልቅባቸው ከዲሴምበር 27 ቀን 1940 ጀምሮ የሁለት ፔንሱን በሰያፍ ቆርጠው እያንዳንዱን ግማሽ እንደ አንድ ፔኒ መለጠፍ ተፈቀደ። በፌብሩዋሪ 1941 የገርንዚ ዓርማ ያለበት ቀይ የአንድ ፔኒ ቴምብር እዚያው ታተመ። በ1942 ወረቀት ሲጠፋ ደግሞ ለፈረንሳይ የገንዘብ ኖት በተሠራ ወረቀት ላይ አተሙት፤ ወረቀቱ ሰማያዊነት አለው፣ ወደ ብርሃን ሲያነሡት የቀለበት ምልክት ይታይበታል። አንድ ልብወለድ «በ1943 ከለንደን ደሴቱ ላይ የደረሰ ባለ አራት ገጽ ደብዳቤ» ብሎ ካቀረበላችሁ፣ ደራሲው ሳያጣራ ጽፏል ማለት ነው።

ቁጥብ ብዕር

ቴምብር ሰብሳቢ ባለው ላይ ልቀጥል፤ የመጽሐፉ ዋና ብልሃት ያለው እዚህ ነው። የደሴቱ ሰዎች በ1946 ለማያውቋት ሴት ገጽ በገጽ የሚዘረግፉት ለአምስት ዓመት በ25 ቃል ታፍነው ስለነበር ነው። መለፍለፋቸው ምክንያት አለው። በደብዳቤ የሚጻፍ ልብወለድ ሁሉ መጀመሪያ መመለስ ያለበት ጥያቄ «ይህ ሰው ይህን ሁሉ ለምን ይጽፋል?» ነው፤ እዚህ ታሪኩ ራሱ መልሶታል። ጁልየት ደግሞ ስለ ወረራው ምንም አታውቅም፤ ስለዚህ ሲያብራሩላት ሆን ተብሎ የተፈጠረ አይመስልም። ደካማ የደብዳቤ ልብወለድ የሚለየው እዚህ ጋ ነው፦ ሚስት ለባሏ «እንደምታውቀው ከአራት ዓመት በፊት ተጋባን» ብላ ስትጽፍ የምታወራው ለአንባቢው እንጂ ለባሏ አይደለም።

25 ቃል ምን እንደሚይዝ ማየት ለሚፈልግ ይኸው፤ ለምሳሌ ያህል የተፈጠረ ነው፣ እናት ከደሴቱ ለታላቋ ልጅ፦

«ሁላችንም ደህና ነን። አያት በማርች አረፉ፤ አልተሰቃዩም። ቤቱም ላሚቱም አሉ። ትንሿ ጥርሷን ቀየረች ወይ? ትምህርቷስ? ክረምቱ ብርቱ ነበር። አክስትሽ ሰላም ትልሻለች። ጻፊልን። እንወድሻለን። እናትና አባት።»

ቁጠሩት። አንድ ሞት፣ አንድ ላም (ወተት አለ ማለት ነው)፣ ሳንሱር የማይነካው «ብርቱ ክረምት»፣ ሁለት ጥያቄ። መልሱ ሲደርስ ትንሿ ሌላ ጥርስ ቀይራለች። እንዲህ ዓይነቱን አንድ ቅጽ መጽሐፉ መሐል እንዳለ ቢያስገቡት ኖሮ ብዙ ምዕራፍ ይተካ ነበር፤ አለማስገባታቸው ይቆጨኛል።

ባለ መነጽር

ፖስታው ትክክል ነው፤ እሺ። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው። አሳማ ጠብሰው በልተው፣ ሰዓት እላፊ አልፎባቸው ሲያዙ ኤሊዛቤት የምትባለው የደሴቱ ሴት «ከመጽሐፍ ውይይት ነው የመጣነው» ብላ ስትዋሽ፣ ማኅበሩም ከዚያ ውሸት ሲወለድ ደስ ይላል። የማኅበሩ አባላት ዊል ቲዝቢና ፓዩ፣ ኢሶላና መድኃኒቶቿ፣ ሁሉም የሚወደድ ነው። ወረራው ግን የሚወደድ አልነበረም፤ መጽሐፉም ወደ ጨለማው የሚገባው በዳር በዳሩ ነው።

ኦልደርኒን ውሰዱ። ከገርንዚ በሰሜን ምሥራቅ ያለች ትንሽ ደሴት ናት፤ ነዋሪዋ ሁሉ ማለት ይቻላል በጁን 1940 ለቆ ወጥቷል። ጀርመኖች አራት ካምፕ ሠሩባት፤ ስማቸው በጀርመን ደሴቶች ነው፦ ሄልጎላንድ፣ ኖርደርናይ፣ ቦርኩምና ዚልት። ዚልትን ከማርች 1943 ጀምሮ ኤስ ኤስ የተባለው የናዚ ጦር ያስተዳድረው ነበር። ኦልደርኒ ላይ በምሽግ ግንባታ የሞቱትን ለመቁጠር የእንግሊዝ መንግሥት ያቋቋመው የባለሙያዎች ቡድን በሜይ 2024 ባወጣው ዘገባ ቁጥሩን ከ641 እስከ 1,027 አድርሶታል።

ከገርንዚ ራሷም በኤፕሪል 1942 ሦስት አይሁዳውያን ሴቶች ወደ ፈረንሳይ ተላኩ፤ ከዚያ አውሽቪትዝ ወደተባለው የናዚ የሞት ካምፕ ተወስደው ሁሉም እዚያ አለቁ። ስማቸውን ከመዝገብ ያወጣው የደሴቱ የራሱ አስተዳደር ነው። መጽሐፉን ዘግቶ «እንዴት ያለ ደግ ሕዝብ» የሚል አንባቢ ይህን ሊያውቅ ይገባል።

ሰማያዊ ቀለም

ባለ መነጽር፣ ያልከው እውነት ነው፤ «በዳር በዳሩ» ማለትህ ግን ትንሽ አድሎ አለበት። የመጽሐፉ ማዕከል የሆነችው ሴት አንዲት ደብዳቤ እንኳ አትጽፍም፤ ልብ ብለኸዋል? ኤሊዛቤት ሁሉም የሚጽፉላት ሳይሆን ሁሉም የሚጽፉባት ናት። ቶት ከተባለው የጀርመን የግንባታ ድርጅት የባሪያ ሠራተኞች አንዱን፣ አንድ ፖላንዳዊ ልጅ፣ ደብቃ ተይዛ ወደ ራቨንስብሩክ ተላከች፤ በማርች 1945 እዚያው ተገደለች። እኛ የምንሰማው ከእሷ ጋር ታስራ ከተረፈችው ከፈረንሳዊቷ ከሬሚ ነው። ጨለማው ያለው ባልተጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ነው። ይህን ማድረግ የሚችለው የደብዳቤ ልብወለድ ብቻ ይመስለኛል፤ ሌላ ተራኪ ቢኖረው ኖሮ ካምፑ ውስጥ ገብቶ ያስቃኘን ነበር።

ራቨንስብሩክ ከበርሊን በስተ ሰሜን 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ የሚገኝ የሴቶች ካምፕ ነበር፤ በ1939 ተከፍቶ በኤፕሪል 1945 መጨረሻ በቀይ ጦር እጅ ገባ። ገጸ ባሕርይዋ የተፈጠረች ብትሆንም ነገሩ ከአየር አልመጣም። የጎረቤት ደሴቷ የጀርዚ ነዋሪ ሉዊዛ ጉልድ ያመለጠ የሩሲያ ምርኮኛ ቤቷ ደብቃ በጥቆማ ተይዛለች፤ በፌብሩዋሪ 1945 ራቨንስብሩክ ውስጥ ሞተች። ወንድ ልጇ ቀድሞ በባሕር ኃይል ተሰውቶባት ነበር።

ሦስተኛው መደርደሪያ

ግሩም ውይይት ነው። አንድ ጥያቄ፦ ፖስታ ከሌለ፣ ጋዜጣውም በጀርመን ሳንሱር ሥር ከሆነ፣ የጦርነቱን ወሬ በምን ይሰሙ ነበር? ሬዲዮ ተወርሶ የለም እንዴ?

ቴምብር ሰብሳቢ

ተወርሷል። መጀመሪያ በ1940 ወሰዱ፣ መለሱ፤ በጁን 1942 ጠቅልለው ወሰዱ። ከዚያ በኋላ ሁለት መንገድ ነበር። አንዱ ሳያስረክቡ የደበቁት ሬዲዮ ነው። ሁለተኛው ክሪስታል ሬዲዮ፦ ጠመዝማዛ ሽቦ፣ ክሪስታሉን የምትነካ ቀጭን የሽቦ ጫፍ፣ ረጅም አንቴናና የጆሮ ማዳመጫ። ባትሪም ኤሌክትሪክም አይፈልግም፤ ኃይሉን የሚያገኘው ከሞገዱ ከራሱ ነው። ችግሩ ያለው ማዳመጫው ላይ ነው። ሌላውን ክፍል እቤት መሥራት ይቻላል፣ ማዳመጫ ግን እንዲህ በቀላሉ አይሠራም፤ ስለዚህ ከሕዝብ ስልክ ማዳመጫ እየተነቀለ ይጠፋ ነበር። ድምፁም ለአንድ ጆሮ ብቻ ነው። ልብወለድ ውስጥ አምስት ሰው ክሪስታል ሬዲዮ ከብቦ ሲያዳምጥ ካያችሁ ተጠራጠሩ።

የሰሙትን ያሠራጩም ነበሩ። በገርንዚ ከሜይ 1942 እስከ ፌብሩዋሪ 1944 የቢቢሲን ዜና በቲማቲም መጠቅለያ ስስ ወረቀት ላይ በጽሕፈት መኪና እየተየቡ የሚያድሉ ነበሩ። ወረቀቱ ስስ መሆኑ ሁለት ጥቅም አለው፦ በካርቦን ብዙ ቅጂ በአንድ ምት ይወጣል፣ ሲፈተሹም እጥፍጥፍ አድርጎ መደበቅ ይቀላል። ተጠቁመው አምስት ሰው ታሰረ፤ ሁለቱ ከጀርመን እስር ቤት አልተመለሱም።

የጓዳ ሊቅ

ስለ ድንቹ ማንም ሳይናገር ውይይቱ ሊያልቅ ነው! መጽሐፉ ላይ ፓዩ የተፈለሰፈው ዊል ቲዝቢ ምግብ በሌለበት ስብሰባ አልቀመጥም ስላለ ነው። ቅቤ የለም፣ ዱቄት የለም፣ ስኳር የለም፦ የተፈጨ ድንች ለውስጡ፣ የተጣራ ቢት (የቀይ ሥር ዓይነት) ለጣፋጭነት፣ ልጣጩ ለቅርፊት። መሥራት የምትፈልጉ ብዙ ናችሁ፣ አብዛኛውም ይበላሽባችኋል፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ለአራት ሰው፦ 1 ኪሎ ድንች፣ 150 ግራም ገደማ ቀይ ሥር፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ወተት፣ ጨው። ድንቹን ከመላጣችሁ በፊት በብሩሽ አጥባችሁ በደንብ አድርቁት፤ ከተላጠ በኋላ ልጣጩን አታጥቡ። ልጣጩ ላይ የሚቀረው ስታርች ነው ቅርፊቱን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው፤ አጥባችሁ ካስወጣችሁት ምጣዱ ላይ የተበተነ ልጣጭ ብቻ ይቀራችኋል። ወፈር አድርጋችሁ ላጡ፣ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር። አረንጓዴ የሆነውንና ያቆጠቆጠውን ክፍል ቆርጣችሁ ጣሉ፤ ሶላኒን የሚባለው መርዝ የሚከማቸው ልጣጩ አካባቢ ስለሆነ ይህ ቀልድ አይደለም።

ልጣጩን በ20 ሳንቲ ሜትር መጋገሪያ ውስጥ እየደራረባችሁ ተጭናችሁ አንጥፉ፤ ባዶውን በ200 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ ጋግሩት። ይህችን ደረጃ የዘለለ ሰው እርጥብ ቅርፊት ያገኛል፤ የውስጡ እንፋሎት ከሥር ይቀቅለዋል። ቀይ ሥሩ ለብቻው ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ይቀቀል፤ ፈጭታችሁ በወንፊት አጥሉት። ድንቹን ቀቅላችሁ ውኃውን አፍስሱ፣ ባዶ ድስት ውስጥ ትንሽ እሳት ላይ አድርቁት፣ ከዚያ ከወተቱ ጋር ፍጩትና ቅርፊቱ ውስጥ ሙሉት። በላዩ ቀይ ሥሩን ጨምራችሁ በ190 ዲግሪ ለ25 ደቂቃ።

ጣዕሙ? መሬት መሬት ይላል። ዕውቀቱን ወደ መጽሐፉ ልመልሰው፦ በወረራው ጊዜ ሰዎች አፍልተው ሽሮፕ የሚያወጡት ከነጩ፣ ስኳር ከሚመረትበት የቢት ዓይነት ነበር። ያ ከክብደቱ ከ15 እስከ 20 በመቶ ስኳር ነው፤ ቀዩ ሥር የዚያ ግማሽ እንኳ አይሞላም። ስለዚህ በቀዩ ሠርታችሁ «ይህ ጣፋጭ ነው እንዴ?» ብትሉ ጥፋቱ የማኅበሩ አይደለም። በዚያ ዘመን የነበሩት ሌሎች ምትኮችም ይታወቃሉ፦ ለሻይ የእንጆሪ መሰል ቁጥቋጦ ቅጠል፣ ለቡና የተቆላ የኦክ ፍሬ፣ ለጨው የባሕር ውኃ ማፍላት፣ ለጄሊ የባሕር ሣር።

ሦስተኛው መደርደሪያ

የጓዳ ሊቅ፣ እጅሽ ይባረክ። ያለ ቅባት ግን መጋገሪያው ላይ አይጣበቅም?

የጓዳ ሊቅ

ይጣበቃል እንጂ! መጋገሪያውን ቀድማችሁ በምድጃው አግሉትና በጋለው ላይ አንጥፉ፤ ከሥር ያለው ቶሎ ስለሚደርቅ ይላቀቃል። ታማኝነቱ ግድ የማይሰጣችሁ አንድ ማንኪያ ዘይት ቀቡት፤ ማኅበሩ አይከሳችሁም።

ባለ መነጽር

ስለ ምግብ ከተነሣ አንድ ነገር ይስተካከል። ብዙ አንባቢ ረሃቡ አምስቱንም ዓመት አንድ ዓይነት የነበረ ይመስለዋል። መጀመሪያ ላይ እጥረት ነው፤ አስከፊው የመጣው ነፃነት ሲቃረብ ነው። እንግሊዝ፣ አሜሪካና አጋሮቻቸው ፈረንሳይን ሲያስለቅቁና የወደብ ከተማዋ ሴንት ማሎ በኦገስት 1944 ስትወድቅ ለደሴቶቹ ምግብ የሚመጣበት መንገድ ተዘጋ፤ ጦር ሠፈሩና ሕዝቡ አብረው ተከበቡ። ቬጋ የምትባለው የስዊድን መርከብ የቀይ መስቀል ጥቅል ይዛ ገርንዚ የገባችው ዲሴምበር 27 ቀን 1944 ነው። ጥቅሎቹ ለምርኮኞች ተብለው በካናዳና በኒው ዚላንድ የተዘጋጁ ነበሩ፤ ለሲቪሉ ብቻ ተከፋፈሉ። ዱቄት ግን በመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች አልነበረም፤ በ1945 መጀመሪያ ዳቦ ጭራሹን ጠፍቶ ነበር፣ ማርች ላይ ቬጋ ዱቄት እስክታመጣ።

በዚያ ክረምት የተራበ የጀርመን ወታደር ከተራበው ነዋሪ ጓሮ ጎመን ይሰርቅ ነበር። መጽሐፉ ይህን ያነሣዋል፤ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ።

የአሳማው ቆጠራ ብልሃትም እዚያው ላይ ነው፦ ጀርመኖች እያንዳንዱን አሳማ ይመዘግባሉ፣ የሞተ ካለ ሬሳውን አይተው ይሰርዛሉ። ገበሬዎቹ አንዱን የሞተ አሳማ ከቤት ቤት እያዞሩ ያሳያሉ፤ በእያንዳንዱ ቤት አንድ ደህና አሳማ ከመዝገብ ይወጣል። የሚያበቃው ሬሳው መሽተት ሲጀምር ነው።

የማታ አንባቢ

ሦስተኛው ጥያቄዬ ሳይመለስ ቀረ። ሁለተኛው ክፍል ለምን ይቀዘቅዛል? ፊልሙን ያያችሁስ?

ቁጥብ ብዕር

ምክንያቱ መካኒካል ነው። በመጀመሪያው ክፍል ጁልየት ለንደን፣ ዶውሲ ገርንዚ። በመሐላቸው ባሕር አለ፣ ስለዚህ ይጻጻፋሉ። በሁለተኛው ክፍል ጁልየት ደሴቱ ላይ ትወርዳለች፤ አሁን ዶውሲ የአጥር ጎረቤቷ ነው፣ ለምን ይጽፍላታል? በጣም የምንወደው የደብዳቤ መስመር በዚያው ይቆማል። የቀረው ለአሳታሚዋ ለሲድኒና ለጓደኛዋ የምትልከው ዘገባ ነው፦ «ዛሬ ይህ ሆነ፣ እሱ እንዲህ አለ፣ እኔም እንዲህ አልኩ»። ይህ ደብዳቤ ሳይሆን ፖስታ ውስጥ የገባ ተራ ትረካ ነው። ደራሲዎቹም ያወቁት ይመስላል፤ መጨረሻው አካባቢ የኢሶላ የስለላ ማስታወሻ ገብቶ ይታደጋቸዋል፤ ነገሩን ሁሉ አይታ ምንም ያልገባት ሰው ስትጽፈው አንባቢው ከጸሐፊዋ ቀድሞ ስለሚያውቅ ደብዳቤው እንደገና ሕይወት ይዘራል።

መፍትሔ ነበረው። ጁልየትን ዘግይቶ ማምጣት አንዱ ነው። ወይም ኤሊዛቤት ከመታሰሯ በፊት የጻፈቻቸውን ወረቀቶች በሁለተኛው ክፍል ማስገኘት፤ ግን «ሰማያዊ ቀለም» የጠቀሰው የኤሊዛቤት ዝምታ ይጠፋ ነበር፤ ስለዚህ አልመርጠውም።

ሰማያዊ ቀለም

ፊልሙ በ2018 የወጣ ነው፣ ማይክ ኒውል ያዘጋጀው። ጁልየትን ቶሎ ደሴቱ ላይ ያወርዳታል፤ ደብዳቤው ከሞላ ጎደል ቀርቶ ምርመራ ይሆናል፦ ኤሊዛቤት የት ገባች? ለፊልም ይሄዳል። በመጽሐፉ ቀስ ብሎ የሚፈታው ግን እዚያ ምስጢር ሆኖ ይደበቅና ይገለጣል። የምታዩት የባሕር ዳርቻም ገርንዚ አይደለም፤ አብዛኛው በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ የተቀረጸ ነው። መጽሐፉን ቀድሙ።

አዲስ ብዕረኛ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። በጦርነት ጊዜ የሚሆን፣ በደብዳቤ ብቻ የሚሄድ ታሪክ መጻፍ ለሚያስብ ሰው ከምን ይጀምር ትላላችሁ? ግንባር ካለ ወታደር ጋር የሚደረግ መጻጻፍ ከሆነስ?

ቁጥብ ብዕር

ከሠንጠረዥ ጀምር። ለእያንዳንዱ ደብዳቤ አምስት ነገር ጻፍ፦ የተጻፈበት ቀን፣ የደረሰበት ቀን፣ ጸሐፊው በዚያ ቀን የሚያውቀው፣ የማያውቀው፣ የሚደብቀው። ሁለተኛው አምድ ወርቅ ነው። ደብዳቤ በመንገድ ላይ እያለ ሌላ ነገር ይደርሳል፤ ሁለት ደብዳቤ ይተላለፋል፤ የሞተ ሰው ደብዳቤ ከሞቱ መርዶ በኋላ ይመጣል። ብዙ ጀማሪ ጥያቄና መልስን እንደ ስልክ ንግግር በማግስቱ ያገናኛቸዋል። ያ የሚሆነው ሰላም ባለበት ከተማ ውስጥ ብቻ ነው።

ረጅም ንግግርን ቃል በቃል በጥቅስ አታስገባ፤ ማንም ሰው ባለ ሁለት ገጽ ውይይት አስታውሶ አይጽፍም። አንድ ዓረፍተ ነገር ጥቀስ፣ የቀረውን በጸሐፊው አፍ ተርክ። ለእያንዳንዱ ጸሐፊም ልማድ ስጠው፦ አንዱ ገበሬ ስለ አየሩ ሳያወራ አይጀምርም፣ አንዷ ሁልጊዜ በቁጣ ትጨርሳለች። ስሙን ሸፍነህ ስታነብ ማን እንደጻፈው ካላወቅህ ገና ነው። በእርግጥ በገርንዚው መጽሐፍ ላይ ብዙ አንባቢ የሚያነሣው ነቀፋ ይኸው ነው፤ የደሴቱ ሰዎች አንዳንዴ ሁሉም እንደ ጁልየት ቀልደኛ ይሆናሉ።

ቴምብር ሰብሳቢ

ስለ ግንባሩ እኔ ልጨምር። የየትኛው ጦር እንደሆነ ወስን፤ አሠራሩ ይለያያል። የጀርመን ወታደር አድራሻ ቦታ አይጠራም፤ ባለ አምስት አሃዝ የጦር ሜዳ ፖስታ ቁጥር ነው። ስለዚህ ቤተሰቡ የት እንዳለ ከአድራሻው አያውቅም። እንግሊዞች ከ1941 ጀምሮ ከመካከለኛው ምሥራቅ ኤርግራፍ ይልኩ ነበር፤ ደብዳቤው በተመደበለት አንድ ገጽ ቅጽ ላይ ይጻፋል፣ በፊልም ይነሣል፣ ፊልሙ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ እንግሊዝ ውስጥ አንሶ ታትሞ ይታደላል። አሜሪካኖች በ1942 ያንኑ ዘዴ ቪ-ሜይል ብለው ያዙት። ትርጉሙ ለታሪክህ ይህ ነው፦ ከቅጹ ውጪ ቦታ የለም፣ ፊደል ካነሰ አይነበብም፣ አበባ ወይም ፎቶ አጥፎ መላክ አይቻልም፤ እናትየዋም እጇ የሚገባው የልጇ ወረቀት ራሱ ሳይሆን ፎቶው ነው። የደረቀ አበባ ከኤርግራፍ ውስጥ የሚያወጣ ልብወለድ አንብበናል!

መልሰህ የምታረጋግጠው ሌላው ነገር ሰዓት ነው። ጀርመኖች ደሴቶቹን ሲይዙ ሰዓቱን ወደ መካከለኛው አውሮፓ አዛወሩት። ሰዓት እላፊ፣ የፀሐይ መውጫ፣ የቢቢሲ ዜና፣ ሁሉም ከዚያ ጋር መሄድ አለባቸው።

የማታ አንባቢ

በዚሁ የሠንጠረዥ መንገድ የኪትን ዕድሜ ፈትሹልኝ። የኤሊዛቤትና የጀርመናዊው ሐኪም የክርስቲያን ልጅ ናት፤ ይገጥማል?

ባለ መነጽር

ይገጥማል፤ እኔም ልይዛቸው ፈልጌ ነበር የቆጠርኩት። በ1946 አራት ዓመቷ ነው፣ ስለዚህ በ1942 አካባቢ ተወልዳለች። ጀርመኖች ደሴቱ ላይ ከ1940 ጀምሮ አሉ፤ ክርስቲያን ከደሴቱ ሲወሰድና መርከቡ ሲመታ፣ ከዚያ ኤሊዛቤት ስትታሰር፣ ልጅቱ ገና እናቷን በደንብ የማታስታውስበት ዕድሜ ላይ ናት። ማኅበርተኞቹ ተራ ገብተው ያሳደጓትም ለዚህ ነው። የማይገጥም ነገር የሚፈልግ ሌላ ቦታ ይሂድ፦ የፖስታውን ፍጥነት ይይ። ዶውሲ ጃንዋሪ 12 ይጽፋል፣ ጁልየት ጃንዋሪ 15 ትመልሳለች። ከጦርነት በወጣች አገር፣ በክረምት ባሕር፣ ያ ፖስታ ቤት ሜዳሊያ ይገባዋል።